ፊት የምትቀባው ማሬ ናት

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 2 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንዳላማው፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ አለሁ። ልጅህ ማሬም አለች። የፊት ጥርሷ ወልቆ ሌላ አብቅላለች፤ አንተ የወለቀውንም የበቀለውንም አላየህም።

በማን እጅ እንደማስጽፍ ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ ቆይቻለሁ። የማስጽፈው ሰው የለም፤ እጁ የራሴ ነው። አንተ ጫካ ከገባህ ወዲህ ወረቀትህን ሰው አስነብቤ መተኛት አቃተኝ። እማሆይ አመተ ሥላሴ ፊደል አስቆጠሩኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ "ሀ ሁ" ስል የሰፈሩ መሳቂያ ሆኜ ነበር። አባትህ ቢኖር ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው እሱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። "ለጣሊያን አድረዋል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?" ብለሃል። ይህን ለእናትህ ስትጽፍ አላፈርህም? አላደርሁም። ቀለም ነው የምቀባ።

እዚህ አንድ ካፒቴን አለ። እርሳስ እያቀለጠ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ ወታደሮች ያፈሳል። ጢሙን ያሳደገ ትልቅ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ከሐኪማቸው ጋር ጠረጴዛ ላይ አሰልፏቸው ጦርነት ይጫወታል። ባለ ነጥብ አጥንት ይወረውራሉ፤ በወጣው ነጥብ ልክ የአንዱ ወገን ወታደር ይሞታል፤ የሞተውን አንሥተው ሣጥን ውስጥ ይከቱታል። ቀለም ያልተቀባ ወታደር ግን አያሰልፍም። አባትህ የሳለውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይቶ "ይህን የሠራውን ሰው አምጡልኝ" አለ። ሞቷል አሉት። "ቀለም የሚፈጭለትስ?" አለ። ይኸው እኔን አመጡኝ። አባትህ ሰላሳ ዓመት ቀለም አስፈጭቶኝ አንድ ቀን ብሩሽ አላስነካኝም፤ ብሩሽ ያስያዘኝ ጠላት ሆነ። እምቢ እንዳልል ሊወስደኝ የመጣው ባለ ጠመንጃ ነው።

ማሬን ለማን ትቻት ልሂድ? ይዣት እሄዳለሁ። ካፒቴኑ በአገሩ በእሷ ዕድሜ ልጅ አለችው መሰለኝ፣ ባየ ቁጥር ስኳር ይሰጣታል፣ አጠገቡ አስቀምጦ ፈረሶቹን ያስቀባታል። ሕፃን ናት፤ ጨዋታ ነው የመሰላት።

አንድ ነገር ልለምንህ። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰውን ሰው ስም ዳግመኛ በወረቀት እንዳታሰፍር። ባለ በቅሎው በለው። ለጣሊያን ገብቶ ባንዳ አስከትሎ እንደሚዞር አገር ያውቃል፤ ላንተ እንደሚላላክ የምናውቅ እኔና አንተ ብቻ ነን። ይህ የታወቀ ዕለት እሱ ይሰቀላል፣ አንተ ያለህበት ይገኛል፣ እኔና ልጅህም አንተርፍም።

እናትህ የብርጓል

ከቁይ በላይ፣ ኅዳር 10 ቀን

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ የብርጓል፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው ስለ እግሬ ቁስል ለጠየቁት፣ ድኗል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እንደማያምኑኝ ስለማውቅ እየዳነ ነው እላለሁ። የት እንደቆሰልሁ ግን አይጠይቁኝ።

ይቅር ይበሉኝ። ሰው መካከል ስምዎ ሲነሣ ሰምቼ ተናድጄ ነው የጻፍሁ። አሁን ሥራውን ይተዉት አልልም። እንዲያውም የምጠይቅዎ አለኝ። ያ ጠረጴዛ ምን ይመስላል? ተራራ ካለበት የየት አገር ነው? ወታደሮቹንስ የት የት አቁሟቸዋል? ያዩትን ይጻፉልኝ። ለባለ በቅሎው በቃል አይንገሩት፤ እሱ ሦስት ነገር ሲነግሩት አንዱን መንገድ ላይ ይጥልና ሁለት ከራሱ ይጨምራል።

ማሬን ይሳሙልኝ። የጥርሷን ነገር ደጋግሜ አነበብሁት።

ልጅዎ እንዳላማው

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 20 ቀን

ለልጄ ለእንዳላማው፣

የአባትሽ ነው ብዬ ሳምኋት። "አባቴማ ይወጋል" አለችኝ። ጢምህን አልረሳችም ማለት ነው።

ጠረጴዛው ሁለት የበር ሳንቃ ቢጋጠም ያህላል። በጭቃና በአሸዋ አገራችንን ሠርቶበታል። ጮቄ አለ፤ አናቱ ላይ ኖራ ነስንሶ ጭጋግ ነው ይላል። አምበር አለ፣ ቁይ አለ፣ በወዲያ በኩል አማኑኤል አለ። በጣቱ እያሳየ ለማሬ ስም ይጠራላታል፤ አንደበቱ አልገራ ሲለው እሷ ታርመዋለች፤ እሱም እንደ ተማሪ ደግሞ ይላል። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ቀለሜን እፈጫለሁ።

እሑድ ከሐኪሙ ጋር ሲጫወቱ ይሳሳቃሉ፣ ይነታረካሉ፣ አጥንቱን እፍ እያሉ ይወረውራሉ። ሰኞ ግን ሐኪሙ አልመጣም። ሌሎች መኮንኖች መጡ። አጥንቱን ማንም አልነካው፤ የሳቀም የለም። ወታደሮቹን በቁይ ገበያ ዙሪያ ከሦስት ወገን አቆሟቸው፤ አንዱን ወገን ክፍት ተዉት። ክፍት የተተወው ወደ ገደሉ ነው። ከዚህ የምታውቀውን እወቅ።

ስለ ሥራው ደግሞ ልንገርህ። እርሳስ ቀለም አይቀበልም። መጀመሪያ በአመድ ታሽቶ፣ ኖራ በሙጫ ተቀብቶ ይደርቃል። ከዚያ ልብሱ ይቀባል፣ ከዚያ እጅና እግሩ፣ ከዚያ ፊቱ። ዓይን መጨረሻ ነው። አባትህ ዓይን በሚያገባበት ቀን ሰው አያናግርም ነበር።

አንድ ነገር ሠርቻለሁ፤ ብትቆጣም ተቆጣ። ጣሊያኖቹን ሁሉ ባለ አንድ ዓይን አድርጌ ቀባኋቸው። ሌላኛውን በባርኔጣ ጥላ ሸፈንሁት። ማሬ አየችና "እምዬ፣ እነዚህ ለምን አንድ ዓይን ብቻ?" አለችኝ።

"የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ አስቢ" አልኋት። "ጻድቁ እንዴት ነው የተሳለው?"

"ፊቱን ወደኛ አዙሮ።"

"ስንት ዓይን አለው?"

"ሁለት።"

"ሰይጣኑስ? የሄሮድስ ጭፍሮችስ?"

አንድ ዓይኗን በመዳፏ ከድና ሳቀች። "በጎን ናቸው! አንድ ነው ያላቸው!"

ካፒቴኑም ከኋላችን ሆኖ "ቆንጆ! ቆንጆ!" አለ። ያነጣጠሩ መስሎታል። ጣሊያን ከገባ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እናትህ

ከቁይ በላይ፣ ኅዳር 28 ቀን

ለእናቴ፣

የጻፉልኝ ልክ ነበር። ገበያ አልወረድንም። የገበያው ሰው ላይ ስለሆነው ከሌላ ይሰማሉ፤ እኔ አልጽፈውም። የኔ ሰዎች ግን ሁሉም ዛሬ እሳት ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ለምን እንደተረፉ አያውቁም።

የዓይኑን ነገር ሳነብ ብቻዬን ስቄያለሁ። ስስቅ ያየኝ ሰው ደግሞ "ምን አገኘህ?" ሲለኝ ድንጋጤ ያዘኝ። እናቴ፣ ጣሊያኑ አያውቅም፤ አብሮት የሚውል የኛ ሰው ግን ያውቃል። አስተርጓሚ አለው ይባላል። የማን ልጅ ነው? የት የተማረ ነው? እስኪጽፉልኝ ድረስ ያን ሥራ ይተዉት። ባለ በቅሎውም ቤት ድረስ መምጣቱን ይቀንስ፤ ለማሬ የምልክላትን ማርም ቢሆን አያምጣ።

እንዳላማው

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን

ለልጄ፣

ዘግይተህ ጠየቅኸኝ። አስተርጓሚው ፍሥሐ ይባላል። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ እሱም ቅኔ ቤት ደርሶ ነው ያቋረጠው። ድምፁ ለስላሳ ነው። ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት በረንዳው ላይ ስንቀባ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"እማማ የብርጓል፣ የባልዎ የአለቃ አወቀ ቀለም አልጠፋም እኮ!"

"ቀለሙ ድሮም የኔ ነበር። የሱ ብሩሹ ነው።"

ሳቀ። አንዱን ጣሊያን አነሣና ወደ ብርሃን አዞረው። "ይኼ ሰውዬ ዓይኑን ታሟል እንዴ?"

"እያነጣጠረ ነው።"

አስቀመጠው፤ ሌላ አነሣ። ድስት የያዘው የወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። "ይኼስ? ወጡ ላይ ነው የሚያነጣጥረው?"

ቀለሜን መፍጨት ያዝሁ። እሱም መልስ አልጠበቀም። "አይዞዎት፣ እኔም ያደግሁት ያንን ግድግዳ እያየሁ ነው" ብሎኝ ሄደ። ይህ አይዞሽ ማለት ነው ወይስ አወቅሁሽ ማለት፣ እስካሁን እየፈታሁት ነው። በማግሥቱ ጣሊያኖቹን በሙሉ ሰብስቤ ሁለተኛ ዓይን አገባሁላቸው። ካፒቴኑ ለምን እንዳሳመርኋቸው አልጠየቀም።

አሁን ሌላ ሥራ መጥቷል። በእነሱ ልደት ቀን፣ ታኅሣሥ 16 ማለት ነው፣ ለጣሊያን የገቡትን ባላባቶች ሰብስቦ ግብር ሊያበላ ነው። ለእያንዳንዱ የራሱን መልክ በእርሳስ አፍስሷል። ባለ በቅሎውም በግራጫ በቅሎው ላይ ተቀምጦ አብሯቸው አለ። የኔ ዓይን በዚህ ትንሽ ነገር ላይ ደክሟል፤ ልብሱን እኔ እሠራለሁ፣ ፊት የምትቀባው ማሬ ናት። እጇ እንደ አያቷ ነው፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ይቆጨኛል፣ ከኔ መውረሷን የሚያምን የለምና።

እኔ ብርድ ይዞኝ ሁለት ቀን ተኝቻለሁ። ልጅቱ ብቻዋን ጨርሳ፣ በሰፌድ አድርጋ፣ ጎረቤት ይዛት ሄዳ ለካፒቴኑ አስረክባለች። "ሁሉንም አሳመርኋቸው" ብላ እየዘለለች ነው የተመለሰችው።

የብርጓል

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን

እንዳላማው፣

ሰላምታውን ልተወው። ይህን አንብበህ እንደጨረስህ ባለ በቅሎውን አትልቀቀው። እዚያው አስቀረው።

ፍሥሐ ትናንት ቤቴ መጣ። ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። ከኪሱ የባለ በቅሎውን መልክ አወጣና መደብ ላይ አቆመው። ያኔ ነው ያየሁት። ሁለት ዓይን አለው፤ ጥርት ያሉ፣ ወደ ሰው የሚያዩ።

"የሌሎቹን አይተዋቸዋል?" አለኝ።

"ተኝቼ ነበር።"

"ሁሉም ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ይኼ ብቻ ነው ወደኛ የሚያየው።" ከዚያ ማሬን ጠራት። "አንቺ ቆንጆ፣ ይህን ማን ቀባው?"

"እኔ!"

"ጎበዝ! ለእሱ ለምን ሁለት አደረግሽለት?"

"ማር ያመጣልኛል።"

"ከየት ነው የሚያመጣልሽ?"

ማሬ አፏን ከፈተች፤ እኔን አየችኝ፤ ዘጋችው። ዝም ማለቷ ከመናገሯ የባሰ ነበር። እኔ "ሕፃን ናት፣ ስኳር የሰጣትን ሁሉ ትወዳለች፤ ካፒቴኑንስ ብትቀባው ሁለት ነው የምታደርግለት" አልሁት። "ልክ ነው" አለ። "ይሄ የጣት መዛነፍ ነው። ካፒቴኑም አላስተዋለም።" መልኩን ኪሱ ከትቶ ተነሣ። በሩ ላይ ቆሞ "እንዳትቆጧት" አለኝ።

አልተቆጣኋትም። ምን ብዬ? የነገርኋትን ነው የሠራችው። እኔ ፈርቼ ስተወው እሷም እንድትተው አልነገርኋት።

ለባለ በቅሎውም ነግሬዋለሁ። ሳቀብኝ። "እማማ፣ በጣት በምታክል እርሳስ ሰው ይሰቀላል?" አለኝ። አንተ አስቀረው እንጂ።

እናትህ

ከቁይ በላይ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን

ይድረስ ለእናቴ፣

ይህን የሚሰጥዎ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ላስቀረው እንዳልቻልሁ አውቀዋል። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ በቅሎውን አሰርሁበት። "ግብሩ ላይ ወንበሬ ባዶ ከሆነ ያን ቀን ሚስቴንና ልጆቼን ከአማኑኤል ያመጧቸዋል፤ አንተ የኔን ልጆች ልታሳድግ ነው?" አለኝ። በቅሎውን ፈታሁለት።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። መልኮቹ ገና ካፒቴኑ ዘንድ ናቸው። ላሳምራቸው ብለው ይጠይቁትና ለሁሉም ሁለተኛ ዓይን ያግቡላቸው። ሁሉም እኩል ከሆኑ አንዱ ተለይቶ አይታይም። እነዚያን ሰዎች እንደዚያ አድርጎ መቀባት ምን ያህል እንደሚከብድብዎ አውቃለሁ። ያድርጉት።

ግብሩ በሰላም ካለፈ ማሬን በእሱ ይላኩልኝ። ከእንግዲህ እዚያ አትቆይ። የኛ ኑሮ ለሕፃን አይሆንም ብለው ሁለት ጊዜ ከልክለውኛል፤ አሁን አይከልክሉኝ። እኔ ራሴ ከወንዙ ወርጄ እቀበላታለሁ።

እንዳላማው

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን

ለልጄ ለእንዳላማው፣

ይህ ደብዳቤ ከልጅህ ጋር ይደርስሃል። እነሆ ሰደድኋት።

እንዳልኸኝ አደረግሁ። እያንዳንዱን ከሃዲ ተቀምጬ ዓይን አበራሁለት። አባትህ በመቃብሩ ሆኖ ሳያየኝ አልቀረም። ፍሥሐም የባለ በቅሎውን መልክ ራሱ አምጥቶ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለው። ግብሩ አለፈ። ባለ በቅሎው የራሱን መልክ ተቀብሎ "አፍንጫዬን አሳንሰሽብኛል" እያለ በማሬ ሲቀልድባት ነበር። ካፒቴኑ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ምናልባት እኔ ነኝ በከንቱ የተጨነቅሁት።

አሁን ስማኝ። ብርድ ልብሷን ቂጧ ሥር አድርጌላታለሁ፤ ስትደርስ ኮርቻው እንዳላቆሰላት እይ። ጠዋት ጠዋት ያስላታል፤ ማር በሞቀ ውኃ ስጣት። ስታኮርፍ አታባብላት፣ ራሷ ትመለሳለች። ብሩሽ ካልያዝሁ ብላ አልቅሳ የድመት ጠጕሩን ይዛለች፤ ከሰል ፍጭላት፣ ድንጋይም ቢሆን ትቀባለች። እንዳታያት ከለከልሁህ ብለህ ስታማኝ ኖረሃል፤ ይኸው ውሰድ። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ባለ በቅሎው ነገ አምበር ገበያ ላይ ለጣሊያን የሚሰበስበው እህል ስላለ እዚያ ውሎ ያድራል፤ ከነገ ወዲያ እናንተ ዘንድ ነው።

እናትህ የብርጓል

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን

እንዳላማው፣

ይህን የሚያመጡልህ እማሆይ አመተ ሥላሴ ናቸው። አምበርን ሳይነኩ በአቋራጭ በእግራቸው ይመጣሉ። እሱ አምበር ስለሚያድር ሊቀድሙት ይችላሉ። ከቀደሙት ይህን አንብበህ ያለህበትን ዛሬውኑ ልቀቅ።

ጠዋት እንደ ልማዴ ለሥራ ገባሁ። ካፒቴኑ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የእሑዱ ጨዋታ ተነሥቷል። አምበር ላይ አንድ ባለ በቅሎ ቆሟል፤ ያ ለእሱ የተሰጠው አይደለም፣ ሌላ ነው፣ ገና ቀለም አልነካውም። ከጀርባው አንዲት የእርሳስ ጠብታ በሰም ተለጥፋለች። ቅርጽ የላትም። ሰው ከኋላው የተፈናጠጠ ያህል ነች። ከእነሱ ኋላ፣ ራቅ ብለው፣ በተራራው ጥላ በኩል ለጣሊያን የሚዋጉት ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ተሰልፈዋል፤ ካለፈው ይበዛሉ። ከቁይ በላይ ደግሞ ወንዙ ዳር የተቀመጠ ነገር የለም። ባዶ ነው። እዚያ ማን እንደሚወርድ ገና አላወቁም። ልጅቷን ተከትለው ነው የሚያውቁት።

ከኋላዬ ፍሥሐ ገባ። ሻሽ የመሰለ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ጣለበት።

"ልጅቱን ላኳት ሲሉ ሰማሁ" አለኝ።

"ዘመድ ጥየቃ ነው።"

"ደግ አደረጉ። በቅሎ ሁለት ሰው ስትጭን ቀስ ትላለች፤ ለሚከተላት ሰው ይመቻል።" ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዛሬ ሥራ የለም፤ ቤትዎ ይግቡ። ቶሎ ይግቡ።"

ሊያሾፍብኝ ነው ወይስ ሊያስመልጣችሁ፣ አላወቅሁም። ማወቅ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ከዚያ በቀጥታ ወደ እማሆይ ቤት ሮጥሁ።

ስሙን እንግዲህ ብጽፈው የሚጨምርበት የለም። ባለ በቅሎው፣ ቢምረው፣ እንደሚከተሉት ምንም አያውቅም። ማሬን ከኋላው አስቀምጦ እያንጎራጎረ ነው የሄደው፤ እሷም ወገቡን አቅፋ እየሳቀች።

ወንዝ አትውረድ። ይህን እንደገና አንብበው፤ ወንዝ አትውረድ። ሰዎችህን ይዘህ ወደ ላይ ውጣ። ልጅህን አትጠብቃት። አንተ ካልወረድህ የሚያገኙት አንድ ባንዳና አንዲት ሕፃን ነው፤ ምናልባት አብረዋት ይመለሳሉ። ካፒቴኑ ይወዳታል፣ አይነካትም ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ጽፌ ሰረዝሁት። አላውቅም። አንተ ከወረድህ ግን ሁላችሁም በአንድ ስፍራ ናችሁ።

ይህን የምትጽፈው እናት ናት ወይ ብለህ ትጠይቃለህ። አዎ፣ እናት ናት። ላንተ እናት ናት። ለሷ ምን እንደሆንሁ እንጃ።

እኔ የትም አልሄድም። ነገ ካልገባሁ እንዳወቅሁ ያውቃሉ፤ ያኔ እማሆይን መንገድ ላይ ይፈልጓቸዋል። ስለዚህ ነገም ከነገ ወዲያም ቀለሜን ይዤ እገባለሁ፣ ቦታዬ ላይ እቀመጣለሁ፣ የሰጡኝን እቀባለሁ። ደብዳቤ አልጠብቅም፤ የሚያመጣልኝም የለም። ካፒቴኑ ሲመለስ ጨርቁን ገልጦ ከጠረጴዛው ላይ የሚያነሣውን ያነሣል። ማንን አንሥቶ ሣጥን ውስጥ እንደሚከት ቁጭ ብዬ አያለሁ።

የብርጓል